«ሲስተሙ ነው»

ደመወዛቸው በዚያ ወር አልገባም። የተጠየቁትን ሰነድ ካስገቡ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ ፈርመው የተቀበሉበት ወረቀትም በእጃቸው ነው። ፋይናንስ ክፍል ሲጠይቁ «ሲስተሙ ነው እናቴ» ተባሉ። ይህች ቃል በየቢሮው ስንቱን ጥያቄ እንደምትዘጋ የማያውቅ የለም።

ስክሪፕቱን የጻፈችው ወጣት ግን መልሱ አልተዋጠላትም። የመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ፕሮግራም በጃቫ የተሠራ ነው። እሷ የጨመረችው ግን በጃይተን ነው፤ ጂም ሁጉኒን በ1997 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ፓይተንን በጃቫ ማሽን ላይ የሚያስኬድ ቋንቋ። ምቹ ነው። የጃቫን ዝርዝር ልክ እንደ ፓይተን ዝርዝር በአንድ «ፎር» ከላይ እስከ ታች ማየት ይቻላል። ምቾቱ ግን ዝርዝሩ የማን እንደሆነ ያስረሳል።

ሥራው ቀላል ነበር። ሰነድ ባለማሟላታቸው ደመወዛቸው የታገደ ሠራተኞች ዝርዝር አለ፤ ስክሪፕቱ አንድ በአንድ እያየ ያሟላውን ይሰርዛል። ስሞቹ በሀ ለ ሐ መ ተደርድረዋል። (ስማቸው በፈ የሚጀምር ሰዎች ከትምህርት ቤት ጀምሮ መጨረሻ መጠራትን ለምደውታል።)

ጥፋቱ ዝርዝሩን እያዩ ከዚያው ዝርዝር መሰረዝ ነው። ፓይተን በራሱ ዝርዝር ላይ ይህ ሲደረግ ከተሰረዘው ቀጥሎ ያለውን ዝም ብሎ ይዘላል። ጃቫ ብዙውን ጊዜ አይታገስም፤ ቀጣዩን ስም ሲጠየቅ ዝርዝሩ መነካቱን ተናግሮ ሥራውን ያቋርጣል። ነገር ግን «አሬይሊስት» የሚባለው የጃቫ ዝርዝር አንድ ቀዳዳ አለው። 40 ስም አለ እንበል። 39ኛው ታይቶ ሲሰረዝ የታዩት 39፣ የቀሩትም 39 ይሆናሉ። «ሌላ አለ?» ሲባል ቁጥሩ እኩል ስለሆነ «አለቀ» ይላል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። በዚያ ወር ሰነድ ያሟሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ የመጨረሻዋ እናትና ከእሳቸው በላይ ያለው ሰው። እሱ ተሰረዘ፤ እሳቸው ሳይታዩ ቀሩ። ከመሃል ሌላ ሰው ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ስክሪፕቱ ቆሞ ጥፋቱ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር።

ማስተካከያው አንድ መስመር አይሞላም፤ የዝርዝሩን ቅጂ እያዩ ከዋናው መሰረዝ። ከባዱ ሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ሴትዮዋን ማናገር ነበር።

«እትዬ፣ ሲስተሙ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ብለው አዩዋት። «ታዲያ የቤት ኪራዩን ለማን ልበል?» አሉ።