አምቦ ደርሼ ስመጣ፦ ውሃውና ክኒኑ

ሆለታንና ጊንጪን ያለፈ መንገደኛ አምቦ ይገባል። ማግኒዚየም ያለበት ውሃዋ ጋዙን እንደያዘ ከመሬት ይወጣል፤ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረውም በ1930 እ.ኤ.አ. ነው።

አብሮኝ የተጓዘው ወዳጄ ልቡ ያለው ግን ክኒን ላይ ነበር፦ ማግኒዚየሙን ውጭ አገር በሰው ፋብሪካ አሠርቶ፣ የራሱን ስም ለጥፎ መሸጥ። ያጠራቀማትን ሁሉ መድቦለታል።

«ርካሹን ኦክሳይድ አሠራና ‹ማግኒዚየም 500 ሚሊግራም› ብዬ እጽፍበታለሁ» አለኝ።

«ከ500ው ኦክሳይድ ማግኒዚየሙ 300 ገደማ ነው፤ የቀረው ኦክሲጅን ነው። ስምህን ከለጠፍክ ውሸቱም ያንተ ነው» አልኩት።

ዝም ብሎ አምቦውን ጨለጠ።

አንባቢ ሆይ፣ ከስሙ በፊት ቁጥሩን ያንብቡ። ኩላሊትዎን የሚያምዎ ከሆነ ደግሞ ማግኒዚየሙ ደምዎ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላልና ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይውጡ።