ኢም፦ የነሐሴ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

የዚህ የእንግሊዝ መንደር ስም አጻጻፉ «ኢያም» ያሰኛል፤ ነዋሪው ግን «ኢም» ነው የሚለው። ከሼፊልድ በአውቶቡስ እየመጣሁ አንዲት አዛውንት እንከባከባለሁ፤ በዚህ ሳምንት ልጃቸው ስለሌለች እዚሁ አድራለሁ። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባሉት የድንጋይ ቤቶች በኩል አለፍኩ። በየቤቱ ደጃፍ በጥንቱ የቸነፈር ወረርሽኝ የሞቱት የቤቱ ሰዎች ስም ተጽፎ ቆሟል። ከአንደኛው ጽሑፍ በላይ መስኮቱ ላይ የታጠበ የልጅ ጫማ ፀሐይ ይሞቃል።

እዚህ ነው ጆርጅ ቪካርስ የተባለው ልብስ ሰፊ በመስከረም 1665 (እ.ኤ.አ.) የሞተው። በሽታውን ያመጣው ከለንደን በተላከ ጨርቅ ውስጥ የነበረ ቁንጫ ነው ይባላል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። እንቁላል ጠብሼ ብቻዬን ፈሰክሁ፤ ከዚያ አዛውንቷ ሲተኙ ወደ ጎረቤቱ መንደር ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው የእግር መንገድ ወረድኩ። የድንበሩ ድንጋይ ሜዳው ላይ ተቀምጧል፤ ስድስት ጉድጓዶች አሉት። በአንዱ ጣቴን ከተትኩ፤ ዳሩ ልስልስ ብሏል፤ ውስጡ የዝናብ ውኃና ጎብኚ የጣለው ሳንቲም አለ። ያኔ የሚሞላው ኮምጣጤ ነበር። በ1666 በጋ ቄሱ ዊልያም ሞምፔሰንና ከእሱ በፊት የነበረው ቶማስ ስታንሊ ተባብረው ሕዝቡን አሳመኑ፦ ማንም ከመንደሩ አይወጣም። ጎረቤት ምግብ አምጥቶ ድንበር ላይ ያስቀምጣል፤ የመንደሩ ሰው ዋጋውን ኮምጣጤ ውስጥ ይተዋል።

አያቴ ከእናቷ የሰማችውን የኅዳር በሽታ ስታወራልን ሁልጊዜ የምታነሳው የሸሸውን ሰው ነበር። በሸሸ ሰው አልፈርድም፤ እኔም ልጅ ታቅፌ ብሆን እሸሻለሁ። ለዚህ ነው ይህ ድንጋይ ልቤን የሚነካው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18

ወደ ራይሊ መቃብሮች ወጣሁ። በክብ የድንጋይ አጥር ውስጥ ጥቂት መቃብሮች፣ ዙሪያውን ሣር። ኤልዛቤት ሃንኮክ በነሐሴ 1666 ባሏንና ስድስት ልጆቿን በስምንት ቀን ውስጥ ቀበረች። በሽታው እንዳይዛመት ሟች በቤተ ክርስቲያን ግቢ መቀበሩ ቀርቶ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሟች ራሱ ነበር የሚቀብረው። ሰባት ጊዜ ቆፍራለች። እኛ ለአንድ ሰው ስንት ቀን ድንኳን ጥለን እንቀመጣለን፤ እሷን ማን አስተዛዘናት?

እሑድ፣ ነሐሴ 19

ዛሬ መንደሩ ሙታኑን ያስባል። አዛውንቷ ቁልቁለቱን መውረድ ስለማይችሉ ከጓሮአቸው ሁለት ጽጌረዳ ቆርጠው ሰጡኝ፤ «ለካትሪን» አሉኝ። ካትሪን የቄሱ የሞምፔሰን ሚስት ናት። ልጆቿን አስቀድማ ሩቅ ልካ እሷ ከባሏ ጋር ቀረች። መቃብሯ በግቢው ነው፣ ከስምንተኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ መስቀል ብዙም ሳይርቅ። የሞተችው ኦገስት 25 ቀን 1666 ነው፤ በፈረንጆቹ ዛሬም ኦገስት 25 ነው።

ጽጌረዳዎቹን ከሌሎቹ አበቦች ጎን አስቀመጥኩ።