የቆቃ ውሃ በብልቃጥ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ነፋሱ ሌሊቱን የቆቃ ሐይቅን አረንጓዴ ሁሉ ወደኛ ዳር ገፍቶት አድሯል። የውሃ ምርመራ አሠልጣኛችን ከመሣሪያ ሁሉ በፊት ያስያዘን ዱላ ነው። ነክረን አወጣን። ክር ክር እያለ ቢንጠለጠል ተራ አልጌ ነው፣ ያን ያህል አያሰጋም። የኛ ዱላ ግን ቀለም የተቀባ መስሎ ወጣ፤ መርዝ ሊሠራ የሚችለው የሳያኖባክቴሪያ ምልክት ነው። ያለ ጓንት እንዳትነኩ ተብለናል፤ አጠገባችን ደግሞ ልጆች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ጀሪካን ይሞላሉ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ትናንት ከቀዳነው ውሃ በማር ብልቃጥ አድርገን፣ ሳንነቀንቅ ፍሪጅ አሳደርነው። ጠዋት አረንጓዴው ላይ ወጥቶ የብልቃጡ አንገት ላይ ቀለበት ሠርቷል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ጠርቷል ማለት ይቻላል። ሳያኖባክቴሪያ በሕዋሱ ውስጥ አየር የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት ይንሳፈፋል። ሌላው አልጌ በአብዛኛው ይዘቅጣል። ሙከራው ሁሌም አያስተማምንም፣ ግን ወድጄዋለሁ፤ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ማይክሮስኮፕ። ቅርጽ የሌለው ጉብታ፣ በውስጡ ጥቃቅን ክብ ሕዋሳት፣ ዙሪያውን ዝልግልግ ነገር። ማይክሮሲስቲስ ነው፤ በቆቃ ላይ ከተጻፉት ጥናቶች የማይጠፋው ስም። አዋሽና ሞጆ ወንዝ ከእርሻው ማዳበሪያ፣ ከከተማው ፍሳሽ ይዘው ይገባሉ፤ ውሃው በግድቡ ታግዶ ይተኛል፤ ፀሐዩ አለ። ሌላ ምን ይፈልጋል?

ነገር ግን ማይክሮስኮፑ ማንነቱን እንጂ መርዙን አያሳይም። ዝርያው አንድ ሆኖ አንዱ መርዝ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

መርዙ ያለው በአብዛኛው ሕዋሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ናሙናውን ሦስት ጊዜ አቀዝቅዘን አቀለጥነው፤ ሕዋሱ እንዲፈነዳ። ከዚያ የመርዝ መመርመሪያው ስትሪፕ። ከእርግዝና መመርመሪያ ጋር ይመሳሰላል፣ አነባበቡ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ መስመሩ እየደበዘዘ ሲሄድ ነው ክፉው። መርዙ ማይክሮሲስቲን ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ በሊትር ከ1 ማይክሮግራም አይብለጥ ይላል፤ ለአጭር ጊዜ ከሆነ 12። መርዙ የሚያጠቃው ጉበትን ነው።

ከሰዓት ውሃ ልትቀዳ የመጣች እናት ጠየቀችኝ፦ «አፍልቼ ባጠጣቸውስ?»

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አፍሉ ስትል የኖረችው ለተቅማጡ ነው፣ ልክም ናት። ይሄ መርዝ ግን በመፍላት አይጠፋም፤ ይልቁንም ሕዋሱ ፈንድቶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ይህን ነገርኳት፤ አረንጓዴ ካለበት ዳር እንዳትቀዳ፣ ከብቶቹንም እንዳታጠጣ፣ ከቦኖ እንድትቀዳ።

«ቦኖው ሲመጣ ነዋ!» አለችኝ። ሲመጣስ ወረፋው? ለዚህ ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረኝም፤ ሥልጠናውም የለውም። እንዲያውም የሪፖርቱ ቅጽ ላይ ቦኖ የሚባል ሳጥን የለም፤ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።

የስትሪፑ መስመር ጨርሶ ጠፍቷል፤ መለካት ከሚችለው በላይ ነው። ነገ በተጣራ ውሃ አቅጥነን እንደገና እንለካለን።