«ባቲ» የማን ልጅ ናት?

እናንተዬ፣ ማሲንቆ ላይ የሚገረፈው «ባቲ» እውነት የባቲ ከተማ ልጅ ነው? አንገታችንን ከመነቅነቅ አልፈን ጠይቀን እናውቃለን?

ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። አምባሰል ከሐይቅ ወዲያ ያለው ተራራማ አገር ነው፤ በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌም እዚያው ናት። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ባቲ ወረድኩ።

ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ በሚወስደው መንገድ ባቲ የገባሁት ሰኞ ነው፤ የገበያዋ ቀን ነዋ! እህል ጭኖ የወረደው ደገኛ፣ ግመሉን እየነዳ የመጣው አፋር፣ የአገሩ ኦሮሞ… ሦስት ቋንቋ ባንድ ላይ ይንጫጫል። እዚህ የተሰማን ዜማ «የኔ ብቻ ነው» የሚል ማን ደፋር ነው? ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ጋ ቁጭ ብዬ ስለ «ባቲ» ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «እኛ ዘፈን ነው የምንለው ልጄ፤ ባቲማ አገራችን ናት!»

ነገሩ የገባኝ ደሴ ተመልሼ ነው። ጠጅ ቤት ያገኘኋቸው አዛውንት አዝማሪ የማሲንቷቸውን ጭራ እያጠበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ወሎዬ አዲስ አበባ ሲገባ ‹ወሎዬው› ይሉታል። ደሴ ላይ ግን ማን እንደዚያ ይለዋል? ሁሉም ወሎዬ ነው! የዜማም ስም የሚወጣለት በሰው አገር ነው።»

ታዲያ እርስዎ ከማን ተማሩት? ከላስታው አጎታቸው። አጎትየውስ? ጎንደር ካገኙት መንገደኛ። ከዚያ ወዲያ ክሩ ተበጠሰ። ማሲንቆ ኖታ የላትም፤ ያላት አንዲት የጭራ ክር ናት። የሰማ ይወስዳል፣ ጨምሮ ቀንሶ ለሌላው ያቀብላል። ስለዚህ «ባቲ» የሚለው ስም ዜማው የት እንደተወለደ ሳይሆን የት እንዳደረ የሚናገር ሊሆን ይችላል።

የሚያንገበግበው ሌላ ነው። በየካሴቱ ሽፋን ላይ «ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሕዝብ ግን ሳንቲም አይቀበልም! ያስተማሩት አዛውንቶች ስማቸውም ድካማቸውም በዚያች አንዲት ቃል ተውጦ ቀረ።

እና ምክሬ ይኸውላችሁ። ሽማግሌ አዝማሪ ስታገኙ ብሩን ግንባራቸው ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት «ከማን ተማሩት?» በሏቸው፤ በስልካችሁም ቅዱ። ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ብሩን እንዳትረሱ!