እጃችሁን አንሡ

አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ከኋላ ብቅ የሚለውን የመጨረሻ መንጋጋ ታውቁት ይሆናል። የጥበብ ጥርስ ይሉታል። ቦታ ሲያጣ አጋድሞ ይበቅላል፤ ድዱ ያብጣል፤ አፍ አልከፈት ይላል። እኛ የላስታ ሰዎች ግን ቅርንፉድ ነክሰን ዝም እንላለን። ሕመምን ችሎ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው።

እኔ ያስነቀልሁት በጋሸና አድርጌ ወልድያ ወርጄ ነው። ሐኪሟ ማደንዘዣውን ወግታኝ፣ "ግፊቱ ይሰማዎታል። ካመመዎት ግን ግራ እጅዎን ያንሡ" አለችኝ። መሀል ላይ አመመኝ፤ እጄን አነሣሁ። ወዲያው አቆመች፤ ማደንዘዣም ጨመረችልኝ። ጥርሱ ሲወጣ የአንዱ ሥር ጫፍ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ራጅ አንሥታ አሳየችኝ። "ጫፉ ትንሽ ነው፤ ኢንፌክሽንም የለውም። ከንፈርዎ እንዲሰማው የሚያደርገው ነርቭ አጠገብ ስለሆነ፣ ቆፍሬ ላውጣው ብል ነርቩን ልጎዳው እችላለሁ። ትተነው በቀጠሮ እንከታተለዋለን" አለች።

ዝም ብትል ኖሮ አላውቅም ነበር። እርሷ ግን የሆነውን ነገረችኝ፤ ማቆም ባለባት ቦታም አቆመች። የእኔ ድርሻ ደግሞ እጄን ማንሣት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

እናንተም ካስነቀላችሁ ጎዙን ለ30 ደቂቃ ያህል ጠበቅ አድርጋችሁ ንከሱ። ለ24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ በኃይል አትትፉ፣ በስትሮ አትጠጡ። በጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ ልብስ ነውና። ልብሱ ከተገፈፈ ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ሕመም ይመጣል። ያን ጊዜ ነጭ ሽንኩርት አትጠቅጥቁበት፤ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ አጥቦ መድኃኒት ያደርግበታል። ደሙ ጎዝ ተነክሶም አልቆም ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከአገጭ ሥር ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ሳይነጋ ሆስፒታል ድረሱ።

በኅብረታችሁ ጉንጩን በጋቢ ሸፍኖ ጥግ የተቀመጠ ልጅ ካያችሁ "አይዞህ" ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ስንት ቀን እንደሆነው ጠይቁት፤ ወደ ሕክምናም አብራችሁት ሂዱ።