በከሚሴ ሻይ ቤት የተነሣ ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ከሚሴ ሲደርስ የቦርከና ሸለቆ ሙቀት ይቀበለዋል። በገበያው ኦሮምኛና አማርኛ ይደባለቃል፤ ከመስጊዱም አዛን ይሰማል።

አውቶቡሳችን ለምሳ ሲቆም ሻይ ቤት ገባን። አብሮን የተጓዘ አንድ ወጣት ጸሐፊ፥ የወንጌላውያን እምነት ተከታይ ነውና፥ «የሚያድነው እምነት ነው፤ ጥምቀት ምልክቱ ነው» አለ። አንድ ቄስም፥ «ልጄ፥ ጌታ ለኒቆዲሞስ ከውኃና ከመንፈስ መወለድ እንደሚያስፈልግ ነግሮታል። ወንዱን በ40፥ ሴቷን በ80 ቀን የምናጠምቀው ስለዚህ ነው» ሲሉ መለሱለት።

ይህን ጊዜ የቤቱ ባለቤት፥ ሙስሊም ሽማግሌ፥ ፈገግ ብለው፥ «የቦሩ ሜዳውስ?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደሴ አጠገብ ባለችው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ በንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡ ግን አንዳንዱ ተሰደደ፤ አንዳንዱ ሼህ ጠልሐን ተከትሎ ተዋጋ፤ አንዳንዱም ቀን ክርስቲያን፥ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። እኔ መምህሩ ይህን ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት እንደ አንድ ዓመተ ምሕረት ብቻ ነበር።

ቄሱ ጥቂት ዝም አሉና፥ «ለሕፃን ክርስትና አባቱ ይመልስለታል፤ ለአዋቂ ግን ንጉሥም ቢሆን አይመልስለትም» አሉ። ጸሐፊውም፥ «በዚህስ አንድ ነን» አለ።

አንባቢ ሆይ፥ የውኃው ክርክር አላለቀም። ነገር ግን ያስፈልጋል የሚሉትም፥ ምልክት ነው የሚለውም፥ በትእዛዝ የፈሰሰ ውኃ ልብ እንደማይደርስ ተስማሙ። ሽማግሌው የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አሉን፤ አውቶቡሱም ጡሩምባውን ነፋ።