የአምቦዋ ቂጣ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚጓዝ ሙስሊም ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «የት እንበላለን?» የሚል ነው። በአገራችን ሙስሊሙ የሙስሊሙን፣ ክርስቲያኑም የክርስቲያኑን እርድ መብላቱ የቆየ ልማድ ነውና በመንገዱ ዳርና ዳር የተደረደሩት ሥጋ ቤቶች ለእኛ አይተን የምናልፋቸው ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በሚጾሙባቸው በእነዚህ ቀናት ሽሮውም ምስሩም በዘይት ስለሚሠራ የእነርሱ ጾም ለእኛ መንገደኞች ሲሳይ ይሆንልናል።

እኛ የሄድነው ማክሰኞ ቀን ነበር። የበኩር ልጄ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ስለተመደበ ላደርሰው ነው። እናቱ ዳቦ ቆሎና በሶ በከረጢት ሞልታለት ስታበቃ እኔን ለብቻዬ ወደ በሩ ጠርታ፣ «ስንቁ ማለቁ አይቀርም። ሐላል የሚበላበትን ቤት በዓይንህ ሳታይ እንዳትመለስ፣ አደራ» አለችኝ። እንግዲህ ጉዞው ሁሉ በዚህ አደራ ላይ የቆመ ነበር ማለት ይቻላል።

አምቦ በጠበሏ ውኃ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲውም በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት ሥራ የጀመረ አንጋፋ ተቋም ነው። የልጄን ጉዳይ ጨርሰን ዙህርን መስጂድ ከሰገድን በኋላ አንድ ሊስትሮ የሙስሊም ምግብ ቤት እንዲጠቁመን ጠየቅነው። ልጁ አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። «በቃል ብነግራችሁ አታገኙትም» ብሎ ሣጥኑን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ፣ በሁለት ጠባብ መንገዶች አዙሮ እስከ በሩ አደረሰን።

እውነትም ብቻችንን አናገኘውም ነበር። ምልክት የለውም። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ላይ የደበዘዘ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። በውስጡ ሦስት አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ባለቤቲቱ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ እናት ናቸው። ሰላምታችንን ከመለሱ በኋላ፣ «ሥጋ ለዛሬ አልቋል ልጆቼ። የበቆሎ ቂጣ አለ፤ አደንጓሬ አለ» አሉን።

ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አባዬ፣ ቂጣ ልንበላ ነው እዚህ ድረስ የመጣነው?» አለኝ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ ሴትዮዋ ግን ሰምተዋል። አፈርኩ። እርሳቸው ግን ምንም ሳይሉ ወደ ምድጃው ዞሩ።

የቀረበልን እንዲህ ነበር። ስስ የበቆሎ ቂጣ ከምጣድ እንደወረደ፣ ጠርዙ ጠቆር ጠቆር ብሎ፤ በሽንኩርት ተቁላልቶ በከፊል የተፈጨ አደንጓሬ፤ ቲማቲም ከሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ተከትፎ፤ በጎኑም በነጭ ሽንኩርትና በድንብላል የተወቀጠ የቃሪያ ዳጣ። ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። ቂጣው ሲቆረስ አይፈረፍርም፤ አደንጓሬውን ጠቅልሎ ይይዛል። ዳጣው መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ያቃጥላል። ልጄ ሁለተኛ ቂጣ ሲጠይቅ አየሁት፤ ዝም አልኩ።

ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፈገግ ብለው፣ «የሜክሲኮን ምግብ ወደድከው?» አሉት። ልጄ፣ «የሜክሲኮ? ታክሲ የምንይዝበት?» አለ። ሽማግሌው ሳቁ። እርሳቸው በባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት በበቆሎ ላይ የሠሩ ናቸው። ባኮ በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፣ በነቀምቴ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ገበሬው በስፋት የዘራው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ከዚያ ነው።

«ከፊትህ ያለውን ቁጠር» አሉት። «በቆሎው፣ አደንጓሬው፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው ሁሉም የአሜሪካ አህጉር ዘር ነው። በቆሎን ከዱር ሣር ያላመዱት የሜክሲኮ ሰዎች ናቸው። ወደዚህኛው ዓለም የተሻገረው እ.ኤ.አ. ከ1492 ወዲህ ነው። አባቶቻችን የባሕር ማሽላ ያሉት ለምን ይመስልሃል?»

ስለ አደባባዩም ነገሩት። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች አዲስ አበባ አደባባይ ሰየመችላት፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው።

ሽማግሌው ይህን የሚያውቁት ሄደው አይተው ነው። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ ስለሆነ ለሥልጠና ተልከው ነበር። እዚያ ቶርቲያ የሚሉት ቂጣ ከኛው የሚለየው በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ፣ አድሮ፣ ታጥቦ ስለሚፈጭ ነው። ይህ ዘዴ ሊጡን እንዲለጠጥ ከማድረጉም በላይ በእህሉ ውስጥ የታሰረውን ቪታሚን ይፈታል። አውሮፓውያን እህሉን ወስደው ዘዴውን ስለተዉት በቆሎ ብቻ የሚበላው ድሃ ቆዳን በሚያቆስል ፔላግራ በተባለ በሽታ ለብዙ ዘመን ተሠቃይቷል።

«ግን እዚያ ሆዴ ሞልቶ አያውቅም» አሉ ሽማግሌው። «አደንጓሬውን ብዙ ጊዜ የሚያቁላሉት በአሳማ ስብ ነው። በቅጠል ጠቅልለው የሚቀቅሉት ታማሌ የሚባለውም ሊጡ በአሳማ ስብ ይታሻል። ሥጋ አለበት ወይ? ስል የለበትም ይሉኛል። አልዋሹኝም፤ ስቡን ሥጋ ብለው አይቆጥሩትም። አጠያየቁን እስካውቅበት ድረስ በእንቁላልና በደረቅ ቶርቲያ ከረምኩ። ሳይከብደኝ የምበላውን የሜክሲኮ ምግብ ያገኘሁት እዚህ አምቦ፣ እኚህ እናት ቤት ነው።»

ሴትዮዋ ከምድጃው ሳይነሱ፣ «ሜክሲኮ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዳጣውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት» አሉ።

ልጄ እጁን ታጥቦ ወደ እርሳቸው ሄደ። ይቅርታ ይጠይቅ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። የጠየቀው፣ «እማማ፣ ቅዳሜና እሑድ ይከፍታሉ?» ብሎ ነበር። እርሳቸውም ከምስማር ላይ አንድ ደብተር አውርደው ገለጡ። በየገጹ ላይ የተማሪዎች ስም፣ ከስሙም ትይዩ የበሉበት ቀንና ያለባቸው ሂሳብ በእርሳስ ተጽፏል። ዓይናቸው አላነብ ስላላቸው እርሳሱን ለልጄ ሰጡት፤ ስሙን ራሱ ጻፈ። እኔም የመጀመሪያውን ወር ቀብድ ከፈልኩ።

ማታ መኪናዬ ጊንጪን ሳያልፍ እናቱ ደወለች። አደራዬን እንደተወጣሁ ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ይበላል?» አለችኝ።

«የሜክሲኮ ምግብ» አልኳት።